በጥቁርና በነጭ መሀል፦ የጎርደን ፓርክስ ሕይወት

ባለፈው ዓመት እናቴ የአያቴን ፎቶ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ላከችልኝ። አያቴ ፎቶ ቤት ገብታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አንድ እጇን ወንበር ላይ አሳርፋ የተነሳችው ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። ጠርዙ ተቀዷል፣ መሀሉ ታጥፏል፤ ፊቷ ግን አልተነካም። ሙያዬ ኮምፒውተር ስለሆነ ትንሽ ጉራ ቢጤ አማረኝና አሮጌ ፎቶ ላይ ቀለም የሚጨምር ፕሮግራም ውስጥ አስገባሁት። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም፣ አያቴ ቀለም ለብሳ ወጣች። መልሼ ለእናቴ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች። ደስ ብሏት መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ይህቺ ሴትዮ ማን እንደሆነች ነው የጠየቀችኝ።

አያቴ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያውቃት ጠይም ነበረች። ፕሮግራሙ ቀይ አድርጓታል።

ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ጥቁርና ነጭ የምንለው ፎቶ በኮምፒውተር ቤት ከ0 እስከ 255 የሚሄድ ቁጥር ነው። 0 ድፍን ጥቁር፣ 255 ንጹህ ነጭ፤ በመሀል ያሉት 254 ደረጃዎች ሁሉ ግራጫ ናቸው። ባለቀለም ፎቶ ወደ ግራጫ ሲለወጥ በተለመደው ቀመር ከቀዩ 29.9፣ ከአረንጓዴው 58.7፣ ከሰማያዊው 11.4 በመቶ ተወስዶ ይደመራል። የአረንጓዴው ድርሻ የበዛው የሰው ዓይን ለሱ ይበልጥ ንቁ ስለሆነ ነው። ይሄ የአንድ መስመር ሒሳብ ነው። ከግራጫ ወደ ቀለም መመለስ ግን ሒሳብ ሳይሆን ግምት ነው። ሦስት ቁጥር ተደምሮ አንድ ከሆነ በኋላ ሦስቱ ምን ምን እንደነበሩ ማንም አያውቅም። ፕሮግራሙ የሚገምተው ቀድሞ ካያቸው ፎቶዎች ተነስቶ ነው። ካያቸው ውስጥ የበዛው የማን ፊት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ያን ቀን ማታ በጭንቅላቴ ሲመላለስ ያደረው ጎርደን ፓርክስ ነው። ብዙዎቻችን ስሙን ብንሰማ እንኳ የምናውቀው "ሻፍት" የተባለውን ፊልም ያዘጋጀ ሰው እንደሆነ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ግን የኛን ዓይነት ፊት በግራጫ ደረጃዎች ውስጥ በትክክል እንዴት ማስቀመጥ እንደሚቻል ለአሜሪካ ያሳየ ፎቶ አንሺ ነበር። ሙያውን የጀመረውም ሌላ ቦታ ሳይሆን እዚሁ እኛ በየቀኑ በምንመላለስባቸው በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጎርደን ፓርክስ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 1912 በካንሳስ፣ ፎርት ስኮት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ከ15 ልጆች የመጨረሻው ነው። ሲወለድ እስትንፋስ ስላልነበረው ሞቷል ተብሎ ተትቶ ነበር፤ አንድ ሐኪም በበረዶ ውሃ ውስጥ ነክሮ አስለቀሰው። ጎርደን የተባለውም በዚያ ሐኪም ስም እንደሆነ ራሱ ጽፏል። አባቱ ጭሰኛ ገበሬ ነበር፤ ቤቱን አጥብቃ የያዘችው ግን እናቱ ሣራ ነበረች። የተማረው ጥቁር ልጆች ለብቻቸው በሚማሩበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ከፍ ሲል ደግሞ አንዲት መምህርት ጥቁር ተማሪዎቿን ኮሌጅ ለመግባት ገንዘባችሁን አታባክኑ፣ መጨረሻችሁ አስተናጋጅነትና ሻንጣ ተሸካሚነት ነው ብላ ትመክራቸው ነበር። ሦስት ነጭ ልጆች ዋና እንደማይችል እያወቁ ወንዝ ውስጥ ወርውረውት በተአምር ተርፏል።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው እናቱ ሞተች። ሞትን መፍራቱን ለማሸነፍ ብሎ ያን ሌሊት አስከሬን ሳጥኗ አጠገብ ተኝቶ እንዳደረ በኋላ ተርኳል። እናቱ ከመሞቷ በፊት ልጄ ሰሜን ሄዶ ይደግ ብላ ስለነበር፣ ባል አግብታ ሴንት ፖል ወደምትኖር እህቱ ተላከ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደኛ ሰፈር ይገባል። የእህቱ ባል ልጁን አልወደደውም። ገና ብዙም ሳይቆይ፣ በብርዱ ወራት መሀል፣ ተጣሉና ከነሻንጣው ወደ ውጭ ወረወረው። የሚኒሶታን ብርድ ለምታውቁት ማብራራት አያስፈልገኝም። ኪሱ ውስጥ የነበረው ትንሽ ሳንቲም ነው። ስለዚህ በዚያን ዘመን ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው የከተማ ባቡር ውስጥ ገባ። ሌሊቱን ከሴንት ፖል ሚኒያፖሊስ፣ ከሚኒያፖሊስ ሴንት ፖል ሲመላለስ፣ ወንበር ላይ ተኝቶ አደረ። አንድ ሌሊት ብቻም አይደለም። ቀን ቀን ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር። አንድ ጊዜ ርሃቡ ሲጠናበት የባቡሩን ትኬት ቆራጭ ለመዝረፍ ቢላዋ አውጥቶ እንደነበርና ወዲያው በራሱ አፍሮ እንደተወው ሳይደብቅ ጽፎታል።

ዛሬ ግሪን ላይን የምንለው ባቡር በ2014 ሥራ ሲጀምር መስመሩ የተዘረጋው የድሮው ባቡር ይሄድበት በነበረው በዩኒቨርሲቲ ጎዳና ላይ ነው። እስከ 2019 ድረስ ግሪን ላይን ሌሊቱን ሙሉ ይሠራ ነበር፤ ቤት የሌላቸው ሰዎችም እንደ ጎርደን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲመላለሱ ያድሩበት ነበር። የሌሊት ፈረቃ ሠርታችሁ የተመለሳችሁ ታውቋቸዋላችሁ። እኔም ተማሪ እያለሁ ብዙ ጊዜ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ፣ ዓይኔን ስልኬ ላይ ተክዬ አልፌያቸዋለሁ። ከነሱ መሀል ማን እንዳለ አናውቅም። በ1928 ማብቂያ እዚያ ወንበር ላይ የተኛውንም ልጅ ማንም አላወቀውም።

ጎርደን ሁለተኛ ደረጃን አልጨረሰም። በመጥፎ ስም የሚታወቅ ቤት ውስጥ ፒያኖ መታ፤ ነጭ ባለሀብቶች በሚሰባሰቡበት ሚኒሶታ ክለብ ሰሃን አነሳ፤ ቅርጫት ኳስ ተጫወተ፤ ሙዚቃ ደረሰ። በ1933 የሚኒያፖሊስ ልጅ የሆነችውን ሳሊ አልቪስን አገባ፤ ልጆችም ወለዱ። በመጨረሻ ከሴንት ፖል ሲያትል በሚመላለሰው ኖርዝ ኮስት ሊሚትድ ባቡር ላይ አስተናጋጅ ሆነ። መምህርቷ የተነበየችው ደረሰ ማለት ነው።

አንድ ቀን ግን አንድ ተሳፋሪ ትቶት የሄደ መጽሔት አገኘ። ውስጡ በኢኮኖሚው ውድቀት የተፈናቀሉ ገበሬዎች ፎቶ ነበር። መኪናቸው ላይ ፍራሽ ጭነው የሚሰደዱ፣ ሜዳ ላይ የሰፈሩ ቤተሰቦች። ፎቶዎቹ የተነሱት የእርሻ ዋስትና አስተዳደር በሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ጎርደን መጽሔቱን ይዞት ዞረ። ከዚያ ደግሞ ቺካጎ ሲኒማ ቤት ገብቶ፣ በዲሴምበር 1937 ጃፓኖች ፓናይ የተባለችውን የአሜሪካ መርከብ ሲደበድቡ የተቀረጸ የዜና ፊልም አየ። ፊልሙ ሲያልቅ ቀራጩ ራሱ መድረክ ላይ ወጣ። ጎርደን ያን ጊዜ ወሰነ። ሲያትል ሲደርስ በመያዣ ከሚያበድር ሱቅ ፎይክትላንደር ብሪሊያንት የምትባል አሮጌ ካሜራ በጥቂት ዶላር ገዛ። ዕድሜው ሃያ አምስት ነበር። በመጀመሪያው ቀን የባሕር ወፎች ላነሳ ሲል ውሃ ውስጥ ወደቀ፤ ካሜራዋን ግን አልለቀቀም።

የመጀመሪያውን ፊልም ያጠበለት የኮዳክ ኩባንያ የሚኒያፖሊስ ቅርንጫፍ ነው። እዚያ ያሉት ሰዎች ጀማሪ ያነሳው አልመሰላቸውም፤ በዚሁ ከቀጠልክ ኤግዚቢሽን እናዘጋጅልሃለን አሉት፤ ከወራት በኋላም ቃላቸውን ጠብቀው ፎቶዎቹን መስኮታቸው ላይ ሰቀሉለት። ለጥቁሮች ጋዜጦች ለሚኒያፖሊስ ስፖክስማንና ለሴንት ፖል ሪከርደርም አነሳ። ከዚያ በድፍረት ሴንት ፖል መሀል ከተማ ወደነበረው፣ ሀብታም ሴቶች ልብስ ወደሚገዙበት ፍራንክ መርፊ ሱቅ ገብቶ የሞዴሎቻችሁን ፎቶ ላንሳ ብሎ ጠየቀ። ባልየው ሊያስወጣው ሲል ሚስትየው ጣልቃ ገብታ ፈቀደችለት።

ያን ምሽት የሆነውን ባለሙያ የሆነ ሁሉ ይወደዋል። ጎርደን ሲቸኩል በአንዱ ፊልም ላይ ሁለት ሁለት ጊዜ አንስቶ፣ ከአንዱ በቀር ሁሉንም አበላሸ። ሚስቱ ታዲያ ያቺን የተረፈችውን አንዷን በትልቁ አትመህ አሳይ አለችው። አደረገው። የሱቁ ባለቤት ሴት ፎቶዋን አይታ ሌሎቹስ የት አሉ ስትል እውነቱን ነገራት፤ ድጋሚ እንዲያነሳ ፈቀደችለት። አንድ ቀን ኮድ ጽፌ ሁሉን ነገር ያፈረስኩ ዕለት ይሄን ታሪክ ለራሴ እደግመዋለሁ። ፎቶዎቹ ሱቁ ውስጥ ተሰቅለው ሳለ የዓለም ቦክስ ሻምፒዮኑ የጆ ሉዊስ ሚስት ማርቫ ሉዊስ አየቻቸው። ቺካጎ ብትመጣ ሥራ አገኝልሃለሁ አለችው። በ1940 ቤተሰቡን ይዞ ሄደ። መንታ ከተሞቹ ለአሥራ ሁለት ዓመት ያህል ካቆዩት በኋላ ለቀቁት።

ቺካጎ ውስጥ ቀን የሀብታም ሴቶችን ፊት፣ በሌላው ጊዜ ደግሞ የደቡብ ቺካጎን ድሃ ጥቁሮች ያነሳ ነበር። በዚያ ሥራው የሮዘንዋልድ ፈንድ የነፃ ትምህርት ድጋፍ አገኘና በ1942 ዋሽንግተን ገባ፤ የገባውም ያን መጽሔት ውስጥ ያያቸውን ፎቶዎች ባስነሳው መሥሪያ ቤት ነው። አለቃው ሮይ ስትራይከር ይባላል። ስትራይከር ካሜራውን ተቀብሎ ቆለፈበትና ከተማውን ዞረህ ና፣ ኮት ግዛ፣ ምሳ ብላ፣ ሲኒማ ግባ አለው። ጎርደን ሄደ። ሱቁ አላስተናገደውም፣ ምግብ ቤቱ በጓሮ በር ካልሆነ አለው፣ ሲኒማ ቤቱ ከለከለው። የሀገሪቱ ዋና ከተማ ነው። በንዴት ተመልሶ ካሜራዬን ስጠኝ አለ።

ስትራይከር ያኔ የመከረው ነገር ለፎቶ አንሺ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ጸሐፊ የሚጠቅም ነው። አንድ ዘረኛ ሰው አንስተህ ሥሩ ዘረኛ ነው ብለህ ብትጽፍ ማንም አያምንህም፤ ይልቅስ ይሄን ያህል ዘመን የኖሩበትን ሰዎች አነጋግር የሚል ሐሳብ ነበር። በዚያው ሕንፃ ውስጥ ማታ ማታ ወለል የምታጸዳ ሴት ነበረች፤ ኤላ ዋትሰን ትባላለች። ጎርደን ቁጭ ብሎ ሕይወቷን ጠየቃት። አባቷን ነጮች በመንጋ ገድለውታል። ባሏ በጥይት ሞቷል። ልጇም ሞታ የልጅ ልጆች እያሳደገች ነው። ስድስት ሰው የምታስተዳድረው በዓመት 1,080 ዶላር በሚሆን ደመወዝ ነው።

ያነሳት ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ትልቅ የአሜሪካ ባንዲራ ፊት አቁሞ ነው። በአንድ እጇ መጥረጊያ ይዛለች፣ ከበስተኋላዋ መወልወያው ቆሟል። ግራንት ዉድ በ1930 የሣላቸውን፣ ጎተራና ቤት ፊት መንሽ ይዘው የቆሙትን ነጭ ገበሬዎች አስቦ ነው እንዲህ ያስቆማት። የሥዕሉ ስም "አሜሪካን ጎቲክ" ነበር፤ ፎቶውም በዚያው ስም ታወቀ። ስትራይከር ሲያየው ይሄ ፎቶ ሁላችንንም ከሥራ ያስባርረናል ብሎ እንደነበር ጎርደን ይተርካል።

እስቲ ፎቶውን እንደ ባለሙያ እንየው። ባንዲራው ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ነው፤ እዚህ ግን ሦስቱም የሉም። ቀዩና ሰማያዊው የተለያየ ክብደት ያለው ግራጫ ሆነዋል፤ ባንዲራውም ከኋላ ብዥ ብሏል። በቀለም ቢነሳ ኖሮ ዓይናችን ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ባንዲራው ነበር። በግራጫው ግን የሚታየን የሴትየዋ መነፅር፣ ቀጭን ፊቷ፣ ነጠብጣብ ያለበት ቀሚሷና ከቀሚሷ ላይ የጎደለው ቁልፍ ነው። ቀለሙ ሲወጣ የቀረው ሰውየዋ ናት።

ሌላም ነገር አለ። የብርሃን መለኪያ የሚባለው መሣሪያ ዓለም ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ናት ብሎ ነው የሚያስበው። ጠቆር ያለ ፊት ነጭ ግድግዳ ፊት ቢቆም መለኪያው ግድግዳውን አይቶ ብርሃን በዝቷል ይላል፤ የሌንሱን ቀዳዳ ያጠብባል፤ ፊቱ ጥላ ሆኖ ይቀራል። ዓይንና ጥርስ ብቻ የሚታይበት የጥቁር ሰው ፎቶ ያየ ሁሉ ይሄን ያውቀዋል። ፎቶ አንሺው መለኪያውን እንቢ ብሎ ለፊቱ የሚበቃ ብርሃን ማስገባት አለበት፤ በጨለማው ክፍልም ሲያትም እንደዚያው። ይሄ ካሜራው በራሱ የሚያደርገው ነገር አይደለም፣ የሰው ውሳኔ ነው። በኋላ የመጣው ባለቀለም ፎቶም ቢሆን ለብዙ ዓመታት ማተሚያዎቹ ይስተካከሉ የነበረው የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ባለበት ካርድ ነው። የጎርደን ፓርክስን ፎቶዎች ስታዩ አንዱ ጠይም ከሌላው ጠይም ይለያል። በግንባርና በጉንጭ መሀል ያለው ልዩነት እንኳ አልጠፋም።

ኤላ ዋትሰንን አንስቶ አልተዋትም። ለሳምንታት ቤቷ፣ ቤተ ክርስቲያኗ፣ የልጅ ልጆቿ ጋ እየሄደ አነሳት። ባንዲራው ፊት የቆመችው ምልክት ናት፤ ወጥ ቤት ውስጥ ሕፃን ታቅፋ የተቀመጠችው ግን ሰው ናት። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። እነዚህ ፎቶዎች ዛሬ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልበለው። በጦርነቱ ጊዜ ጥቁር ተዋጊ አብራሪዎችን ሲያነሳ ቆይቶ ከነሱ ጋር ወደ ግንባር እንዳይሄድ ተከለከለ። ለቮግ ፋሽን አነሳ። በ1948 ላይፍ መጽሔት ገባ፤ የመጽሔቱ የመጀመሪያው ጥቁር ቋሚ ፎቶ አንሺ ሆነ፣ ሃያ ዓመት ያህልም ሠራ። መግቢያ ሥራው ሬድ ጃክሰን የሚባል የአሥራ ሰባት ዓመት የሃርለም የወሮበሎች አለቃን ተከትሎ ያነሳው ነበር። ከብዙ መቶ ኔጋቲቮች ውስጥ መጽሔቱ ያወጣው 21 ብቻ ነው። የተመረጡት በአብዛኛው ጠብና ፍርሃት ያለባቸው ናቸው። አዘጋጆቹ አንዳንዶቹን ቆርጠዋል፣ አንዳንዶቹን በኅትመት አጨልመዋል። ልጁ ከእናቱ ጋር ቤት ውስጥ ሲሠራ፣ ሲስቅ የተነሳው አብዛኛው ቀረ። አያችሁ፣ ግራጫም ይዋሻል። ከ0 እስከ 255 ባለው መሰላል ላይ ፊትን ጥቂት ደረጃ ወደ ታች ማውረድ ሰውን ከልጅነት ወደ ወንጀለኝነት ለማሻገር ይበቃል። የኔ ፕሮግራም አያቴን ወደ ላይ ሳባት፤ እነዚያ አዘጋጆች ሬድን ወደ ታች ገፉት። ሁለቱም ሰዎቹን ሳይጠይቁ ነው።

ጎርደን ለግራጫ መሐላ የገባ ሰውም አልነበረም። በ1956 ላይፍ በአላባማ የዘር ልዩነት አገዛዝ እንዴት እንደሚኖር አሳይ ብሎ ሲልከው ያነሳው በቀለም ነው። የመጫወቻው ሜዳ አረንጓዴ፣ የሴቶቹ የእሑድ ቀሚስ ፈዛዛ ሰማያዊ፣ ለጥቁሮች ብቻ የሚለው የበር ጽሑፍ ደግሞ ደማቅ ቀይ። ልዩነት የሚባለው ነገር ሩቅ ዘመን ያለፈ አይደለም፣ ይኸው ዛሬ እየሆነ ነው ለማለት ቀለሙ አስፈልጎታል። በዚያ ሥራ ምክንያት ግን ፎቷቸው መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ቤተሰብ ኑሮው ፈርሶ አካባቢውን ለቆ ለመሰደድ በቅቷል። በ1961 ደግሞ በሪዮ የድሆች ሰፈር ፍላቪዮ የተባለ የአሥራ ሁለት ዓመት አስም ያለበት ልጅ አነሳ፤ ይሄን በጥቁርና ነጭ። አንባቢዎች ገንዘብ አዋጡ፤ ልጁ ዴንቨር መጥቶ ታከመና ዳነ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሊመለስ ሲል ግን መመለስ አልፈለገም፣ ግን ተመለሰ። የብራዚል መጽሔት ተናዶ የራሱን ፎቶ አንሺ ኒውዮርክ ልኮ የአሜሪካን ድህነት አስነሳ። ጎርደን ሲያረጅ የዚያን ልጅ ሕይወት ረዳሁት ወይስ አበላሸሁት እያለ ራሱን ሲጠይቅ ኖሯል። ካሜራ የመረጠው እንደ መሣሪያ እንደሆነ በመጽሐፉ ርዕስ ሳይቀር ተናግሯል፤ መሣሪያ ደግሞ የያዘውንም የቆመበትንም ሰው እንደሚነካ ያውቅ ነበር።

በ1963 የልጅነቱን ታሪክ መነሻ ያደረገ ልቦለድ አወጣ፤ በ1969 እሱኑ ወደ ፊልም ቀይሮ በትልቅ የሆሊውድ ስቱዲዮ ፊልም ያዘጋጀ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። በ1971 "ሻፍት" ወጣ። በ1979 የመጀመሪያ ልጁ፣ እሱም ፊልም አዘጋጅ የነበረው ጎርደን ፓርክስ ትንሹ፣ ከኛው ጎረቤት ኬንያ ውስጥ ፊልም ሊሠራ ሄዶ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ሰውየው ሐዘኑን ተሸክሞ ሥራውን ቀጠለ። ማርች 7 ቀን 2006፣ በ93 ዓመቱ፣ ኒውዮርክ ውስጥ አረፈ፤ የተቀበረው ያ ወንዝ ውስጥ በተወረወረባት በፎርት ስኮት ነው። ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሰው ሰው በርካታ የክብር ዶክትሬቶች ነበሩት፤ አንዱን ለዚያች ኮሌጅ አትድከሙ ላለችው መምህርቱ መታሰቢያ አድርጎላታል።

ይሄን ሁሉ ለምን አነሳሁት? እኛ ሐበሾች የቆዳ ቀለም ስም አናጣም። ጥቁር፣ ጠቆር ያለ፣ ጠይም፣ ቀይ ዳማ፣ ቀይ እያልን በአንድ ቤት ውስጥ የተወለዱ እህትማማቾችን እንኳ እንለያለን። እዚህ አገር ስንመጣ ቅጹ ላይ የሚጠብቀን አንድ ሣጥን ነው፤ ጥቁር ይላል። ብዙዎቻችን ሣጥኑን ምልክት እያደረግንም በልባችን እኛ ሌላ ነን እንላለን። የነዚያን ሰዎች ታሪክ እንደ ጎረቤት ወሬ እንሰማዋለን። ግን ዛሬ ሥራ የምንቀጠርበትን ሕግ፣ ቤት የምንከራይበትን መብት ያመጡልን እነሱ ናቸው። ሴንት ፖል ውስጥ የጥቁሮች ሰፈር የነበረው ሮንዶ አውራ ጎዳና 94 ሲሠራ መሀል ለመሀል ተሰንጥቋል፤ እኛ በዚያ አስፋልት ላይ በየቀኑ ወደ ሥራ እንነዳለን። ልጆቻችንም መንገድ ላይ ፖሊስ ሲያያቸው ጠይም ወይስ ቀይ ዳማ ብሎ አይመረምርም።

ሌላው ደግሞ የሙያዬ ነገር ነው። ብዙዎቻችሁ እንደኔ ሶፍትዌር ትሠራላችሁ ወይም ልትሠሩ እየተማራችሁ ነው። ፎቶ የሚያጠራ፣ ፊት የሚለይ፣ ቀለም የሚገምት ፕሮግራም ከሚጽፉት መሀል አለንበት። ስብሰባ ላይ ውጤቱ ለአብዛኛው ሰው ጥሩ ነው ሲባል፣ የቀረው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈራል። ቪዛ አለ፣ የሥራ ዋስትና አለ። እኔም ዝም ያልኩባቸው ስብሰባዎች አሉ። ጎርደን ፓርክስ መለኪያው የሚለውን ሳይሆን ፊቱ የሚፈልገውን ብርሃን አስገባ። የኛ ድርሻም ከዚያ የራቀ አይመስለኝም። ሌላው ቢቀር ፕሮግራሙን ወደ ሰው ከመላካችን በፊት በእናቶቻችን ፎቶ እንሞክረው።

ዩኒቨርሲቲ ጎዳና ላይ፣ ግሪን ላይን በሚያልፍበት፣ በስሙ የተሰየመ ጎርደን ፓርክስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። በመደበኛው ትምህርት ቤት ያልሆነላቸው ልጆች ዕድሜያቸው ሳያልፍ ትምህርታቸውን የሚጨርሱበት ነው። ባቡሩ ተኝቶ ካደረበት መንገድ ዳር ለዚያ ልጅ የሚሆን ትምህርት ቤት ተከፈተ ማለት ነው፤ ብዙ ዓመት ዘግይቶም ቢሆን። ልጆች ያሏችሁ አንድ ቀን ስታልፉ አሳዩዋቸው፣ ማን እንደነበረም ንገሯቸው።

የአያቴን ባለቀለም ፎቶ አጠፋሁት። ግራጫውን እጥፋቱን እንኳ ሳልነካ በትልቁ አሳትሜ ሳሎን ሰቀልኩት። ከጀርባው እናቴ በስልክ እንዳለችኝ አድርጌ ስሟን፣ የተነሳችበትን ሰፈርና ጠይም እንደነበረች ጻፍኩበት። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ፎቶ አይጠፋም። የሚያውቋቸው ሰዎች በሕይወት እያሉ ደውላችሁ ጠይቁና ጻፉበት። ማሽኑ የማያውቀውን እነሱ ያውቁታል።